በጅሮንዱና ጃንሆይ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የጨርጨርን ወግ ላጫውታችሁ። ተረት አይደለም፤ የሆነ፣ የተደረገ ነገር ነው።

ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ተነሥታችሁ ቆላውን ወደ ኋላ ትታችሁ ዳገቱን ስትያያዙት፣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይለቃችኋል፤ ማሽላውና ጫቱ በግራ በቀኝ ይበዛል፤ ተራራው እየቀረበ ይመጣና የጨርጨሯ ከተማ ጭሮ ትገባላችሁ። ጭሮ ዛሬ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ናት። ያደጉባት ሽማግሌዎች ግን አሁንም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ተፈሪ ያው ራስ ተፈሪ መኮንን ናቸው፤ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በተፈሪ ስም የተጠራችውን ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ሰው፣ ከተፈሪ ጋር ወዳጅም ሆነዋል፣ ተቃዋሚም ሆነዋል። እኚያ ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ልጆቻችን በፊልም የሚያዩት አንድ ዓይነት ታሪክ አለ። ጀግናው ጉልበተኛ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ያለው ከጎኑ ከቆመው ሊቅ ዘንድ ነው። ስፓይደርማንን ያየ ሰው ዶክተር ከርት ኮነርስን አይረሳውም። አንድ ክንዱን ያጣ ሳይንቲስት ነው። እንሽላሊት ጅራቷ ሲቆረጥ መልሳ እንደምታበቅል አይቶ መድኃኒት ቀመመ፤ በራሱም ላይ ሞከረው። ክንዱ በቀለ፤ እሱ ግን አውሬ ሆነ። ሲድን ጀግናውን ይረዳል፤ ሲያገረሽበት ጀግናውን ይዋጋል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ የተፈጠረ ነው። የእኛው ሊቅ ግን በሥጋና በደም የኖሩ፣ የጨርጨርን አፈር የረገጡ ሰው ናቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ቀምመው ነበር፤ የቀመሙት በወረቀት ላይ የሰፈረ ሕግ ነው። የሕጉን ነገር እደርስበታለሁ።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ወደ ሐረር ወርዶ በራስ መኮንን ቤት አደገ። ራስ መኮንን የተፈሪ አባት ናቸው፤ ስለዚህ የሁለቱ ነገር ከሥሩ የሚመዘዘው ከአንድ ቤት ነው። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ልጁም አብሮ ዘመተ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጦርነትን በዓይኑ አየ። ድሉ ከተገኘ በኋላ ወደ ሩሲያ ተላከና ቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፣ የሚካኤሎቭን የመድፍ ትምህርት ቤት ገባ።

መድፍ መማር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ተኳሹ ዒላማውን ላያየው ይችላል። ርቀቱን ማስላት፣ አፈሙዙ ስንት ዲግሪ ቀና እንደሚል መወሰን፣ የባሩዱን ክብደት መመጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫ መቁጠር አለበት። አንዲት ቁጥር ከሳተ ጥይቱ በራሱ ወገን ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዐድዋ ላይ ጀግንነትን ያየው ልጅ በሩሲያ የተማረው ይህንን ነው፤ ወኔ ያለ ስሌት እንደማይበቃ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው።

የተመለሱት ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙበት ወራት ነው። ቤተ መንግሥቱ የሹክሹክታ ቤት ሆኗል። የምኒልክ አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ተነሡ፤ ወጣቱ ምሁርም አገሩ ይለወጣል ብለው ተስፋ አደረጉ። ተስፋው አልሰመረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ፣ ተክለ ሐዋርያት ከሻሪዎቹ ወገን ቆሙ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። የሁለቱ ወዳጅነት በሥራ የተሳሰረው ከዚህ ወዲህ ነው፤ አንደኛው ሥልጣን አለው፣ ሌላኛው ዕውቀት አለው፤ ሁለቱም አገሪቱ እንድትሠለጥን ይፈልጋሉ።

ነገር ግን ሊቁ ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ፣ ቴራስ ሆቴል ውስጥ አንድ ያልተለመደ ነገር ታየ። መኳንንቱ ተጠርተው ተቀምጠዋል። ሰዎች እንስሳት ሆነው እየወጡ ይናገራሉ፤ ይካሰሳሉ፤ ይፈራረዳሉ። ይህ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት። የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ታዳሚው ግን የሚናገሩት አውሬዎች እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ጉቦኛው ሹም፣ ሥራ ፈቱ መኮንን፣ ድሀ በዳዩ ዳኛ በመድረኩ ላይ ራሳቸውን አዩ። ተውኔቱ ታገደ፤ ቴአትርም ለዓመታት ዝም አለ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይህ ሰው ለመንግሥት ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት የሚለው ጥያቄ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ተፈሪ ግን አልጣሏቸውም። ተክለ ሐዋርያት ጅጅጋንም ጨርጨርንም አስተዳደሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገር። ጨርጨር ያን ጊዜ ባዶ አገር አልነበረም። የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ ኦዳ ቡልቱም ላይ፣ በዋርካው ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሕግ ሲደነግግ የኖረ ሕዝብ አገር። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ሹማምንት መጥተውበት ገባር ሆኗል፤ የመሬቱን ፍሬም ጉልበቱንም ለሹሙ ይሰጣል። ተክለ ሐዋርያት ያገኙት ይህንን አገር ነው።

አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። ቦታው በእርግጥም የታሰበበት ነው፤ ከባቡሩ መስመር ብዙ ሳይርቅ፣ ከቆላው ወባ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሂርናም ወደ በዴሳና ገለምሶም ለመሄድ የሚመች መገናኛ ላይ። የሐረር ቡና የሚበቅልበት ደጋና ወይና ደጋ ባቡሩን የሚያገኘው በዚህ ነው። ጨርጨር ለሌሎቹ አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከተክለ ሐዋርያት በኋላም አውራጃው ለሌላ ሊቅ ተሰጠ፤ ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። እኚህ ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው ሕንድ አገር ያደጉ፣ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። አንድ የመድፍ ሊቅና አንድ ሐኪም ተከታትለው ያስተዳደሩት አውራጃ ነው ጨርጨር! ይህ ታሪክ ለጭሮ ልጆች ኩራት ሊሆን ይገባዋል።

አሁን ወደ ቀመሩ ልመለስ። ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። አገሪቱ የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዲኖራት ፈለጉ። ማን ይጻፈው? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ጻፉት። በጅሮንድ የግምጃ ቤት ሹም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የአገሪቱ ገንዘብ በእጃቸው ነበር። ዓይናቸው የተተከለው ጃፓን ላይ ነው። ጃፓን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከኋላ ተነሥታ ሩሲያን ያሸነፈች፣ ነገር ግን ንጉሧንም ሃይማኖቷንም ያልጣለች አገር ናት። እሳቸው ደግሞ በዚያ ጦርነት ዘመን ሩሲያ ነበሩ፤ የተሸነፈችውን አገር ከውስጧ ሆነው አይተዋታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አደረጉ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. መሳፍንቱና መኳንንቱ፣ ካህናቱም ተሰበሰቡ። ጃንሆይ ፈረሙ፤ ታላላቆቹም ተራ በተራ ፈረሙ። በጅሮንዱ ተነሥተው ለተሰበሰበው ሰው የሕጉን ትርጉም አስረዱ። 55 አንቀጽ ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ይኖራሉ ይላል፤ አንደኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ ሁለተኛውን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንቱ ይመርጣሉ። የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው፤ ክብራቸው አይደፈርም፤ ሥልጣናቸው የበላይ ነው። በአፍ ሲነገር የኖረው «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በብዕርና በማኅተም ጸና ማለት ነው።

የሊቁ ሐሳብ ይገባኛል። በየአውራጃው የራሱ ጦር፣ የራሱ ግብር፣ የራሱ ፍርድ ያለው መስፍን ነበር። እነዚያን ሁሉ ለመግራት አንድ ጠንካራ ክንድ ያስፈልጋል ብለው አመኑ። ክንዱም በቀለ፤ መሳፍንቱ ተገሩ። ነገር ግን ያን ክንድ የሚገታ ሌላ ምንም ነገር አልተቀመመለትም። የኋላ ኋላ በንጉሡ ላይ ያዘኑበት ነገር ሁሉ፣ ያለ ከልካይ የመወሰን ሥልጣን፣ እሳቸው ራሳቸው በጻፉት ወረቀት ላይ የሰፈረ ነበር። ይህንን ሳንናገር ብናልፍ እውነቱን እናጎድላለን።

ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ ተላኩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ፤ ጣሊያን ሰበብ አገኘች። በዤኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ኢትዮጵያን ወክለው የተሟገቱት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። በልጅነታቸው ዐድዋ ላይ ያዩትን ጠላት ጎልምሰው በጉባኤ አዳራሽ ገጠሙት። ታላላቆቹ መንግሥታት አዳመጡ፤ አዘንን አሉ፤ አልረዱም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በጅሮንዱ ክርክሩን ትተው ጦርነት ወዳለበት አገራቸው መጡ።

ማይጨው ላይ ጦራችን ተፈታ። ያኔ የሁለቱ መንገድ ለየቅል ሆነ። ጃንሆይ ወደ ውጭ ወጥተው በዓለም ፊት ለመጮኽ ቆረጡ። ተክለ ሐዋርያት ደግሞ ንጉሥ አገሩን ጥሎ አይወጣም፤ ጫካ ገብተን እንዋጋ የሚሉ ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ወረደ። አዋሽን ተሻገረ፤ በሚኤሶ በኩል፣ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ አለፈ። በስማቸው የተጠራችው ከተማ ከዚያ ዳገት በላይ ነበረች። ሁለቱን ሰዎች ያስተሳሰረው ገመድ በዚያን ሰሞን ተበጠሰ።

ማን ልክ ነበር? ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዤኔቭ ላይ ያሰሙት ንግግር ኢትዮጵያን ከዓለም ኅሊና እንዳትጠፋ አድርጓታል፤ ይህን የሚክድ የለም። አገር ውስጥ የቀሩት አርበኞች ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን እንቅልፍ ነሥተውታል፤ ይህም አይካድም። ተክለ ሐዋርያትም ቢሆኑ በመጨረሻ ተሰደዱ፤ ማዳጋስካር ደረሱ። አትውጡ ያሉትም፣ የወጡትም ሁለቱም የስደትን እንጀራ በሉ። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ በድል ተመለሱ። ተክለ ሐዋርያት አልተመለሱም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ማዳጋስካር ቆዩ።

ሐኪም ወርቅነህን አስታውሱ፤ የዚያው የጨርጨር ገዥ የነበሩትን። እሳቸው በጦርነቱ ዘመን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለጃንሆይና ለአገሪቱ ጮኹ፤ ለመኑ፤ ደከሙ። በ1929 ዓ.ም. ሁለት ልጆቻቸውን፣ ዮሴፍንና ቢንያምን፣ ፋሺስቶች ገደሉባቸው። አንዱ የጨርጨር ሊቅ ከንጉሡ ጋር ጸኑ፤ አንዱ ተለዩ። ሁለቱም ግን ለአንዲት አገር ነበር የሚደክሙት። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸውም ሌላ ምስክር ነው። አባቱ በስደት ሳሉ እሱ ጃንሆይን ያገለግል ነበር፤ በ1941 ዓ.ም. «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ ውጭ አገር ተምሮ አገሩን ለማገልገል ስለተመለሰ ወጣት የሚተርክ መጽሐፍ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ወዳጅና ባላንጣ የሚሉት ስሞች አብረው ያድሩ ነበር።

በጅሮንዱ በ1940ዎቹ መጨረሻ አገራቸው ገቡ። አዲስ አበባ ላይ ሹመት ፍለጋ ደጅ አልጠኑም። ተመልሰው ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ወጡ፤ ሂርና ላይ ገበሬ ሆኑ። ሕገ መንግሥት የጻፈ እጅ ማረሻ ያዘ። የሕይወታቸውንም ታሪክ በዝርዝር ጻፉ፤ ጃንሆይንም፣ ዘመናቸውንም ሳያለባብሱ። ጃንሆይ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ሲሞቱ እሳቸው በሕይወት ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸው በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድነው? እኔ የምለው ይህ ነው። ሰውን በአንድ ቃል፣ ታማኝ ወይም ከሐዲ ብሎ መፈረጅ አገራችንን ብዙ አስከፍሏታል። ተክለ ሐዋርያት ታማኝነታቸው ለሥራቸው ነበር። ሥራው ከንጉሡ ጋር ሲሄድ ከንጉሡ ጋር ሄዱ፤ ሲለያይ ተለዩ። የሠሩት ስሕተት ትልቅ ነው፤ ያበረቱትን ሥልጣን የሚገታ ልጓም አላበጁም። የሠሩት በጎም ትልቅ ነው፤ ከተማ፣ ተውኔት፣ ሕግ፣ በዓለም ፊት የቆመ ክርክር። ሁለቱም በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጡ።

የጭሮና የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ መምህራን ሆይ፣ በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩም የምትማሩም ሆይ፣ የኦዳ ቡልቱምን ሕግና የበጅሮንዱን ሕግ ጎን ለጎን አስነብቡ። የአገራቸውን ሊቅ ከነጥፋቱና ከነልማቱ የሚያውቁ ልጆች፣ ነገ የሚያገኙትን ሥልጣን በልጓም መያዝ አያቅታቸውም።