ኮሎራዶ፦ ለመኖሪያ ቤት ሴፕቲክ ታንክ ፈቃድ እንዴት ይገኛል?

በኮሎራዶ ግዛት ከከተማ የፍሳሽ መስመር ውጭ ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊያጣራቸው ከሚገቡ ጉዳዮች አንዱ የሴፕቲክ ታንክ ፈቃድ ነው። ፈቃድ የማያገኝ መሬት የቤተሰብ ጥሪት ፈሶበትም መኖሪያ ሳይሆን ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ የሚነሣው የት ነው?

ቻምበርስ ሮድ ከዴንቨሩ ሞንትቤሎ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ኦሮራን ያቋርጣል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች በአብዛኛው ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኙ ናቸው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዋትኪንስ፣ ቤኔትና ስትራስበርግ ሲዘለቅ ግን የራሳቸው የውኃ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ያላቸው ቤቶች ይበዛሉ። የፍሳሽ አገልግሎት በሚሰጥ ከተማ ክልል ውስጥ ለሚገኝ መሬት፣ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት የማይቻል ካልሆነ ወይም ከተማው ካልፈቀደ በስተቀር፣ ፈቃዱ አይሰጥም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?

በቀን እስከ 2,000 ጋሎን (7,600 ሊትር ገደማ) የሚያስተናግዱ ሥርዓቶች የሚተዳደሩት በግዛቱ ደንብ ቁጥር 43 መሠረት ሲሆን፣ ፈቃዱን የሚሰጠው መሬቱ የሚገኝበት ካውንቲ የጤና መሥሪያ ቤት ነው። በኦሮራ የኮልፋክስ ጎዳና ሰሜን አዳምስ፣ ደቡቡ አራፓሆ ካውንቲ ነው። ሁለቱንም ያገለግል የነበረው ትራይ ካውንቲ የጤና መምሪያ እ.አ.አ. በ2022 መጨረሻ ስለተዘጋ፣ ከ2023 ወዲህ እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። የቆዩ ሰነዶች ላይ የቀድሞው መምሪያ ስም ሊገኝ ይችላል።

ምን ይመረመራል?

ሴፕቲክ ታንክ ሞልቶ በመኪና እስኪመጠጥ ፍሳሽ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ዝቃጩ በታንኩ ውስጥ ሲቀር፣ ውኃው ወደ መሬት ሰርጎ በአፈሩ ይጣራል። ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፍሮ የአፈሩ ዓይነት፣ የአለቱና የከርሰ ምድር ውኃው ጥልቀት ይታያል። ፍሳሹ የሚሰርግበት ቦታ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 100 ጫማ (30 ሜትር ገደማ) መራቅ አለበት፤ ርቀቱ ካልተጠበቀ የሚበከለው ቤተሰቡ ወይም ጎረቤቱ የሚጠጣው ውኃ ነው።

የታንኩ መጠን የሚወሰነው በመኝታ ክፍሎች ብዛት ነው፤ ለሦስት መኝታ ክፍል ቢያንስ 1,000 ጋሎን፣ ለአራት 1,250 ጋሎን ያስፈልጋል። በመሆኑም ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ክፍል ከመጨመር በፊት ሥርዓቱ የሚበቃ መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ቅደም ተከተሉ

የአፈር ምርመራው ይቀድማል፤ ንድፍ፣ ማመልከቻና ክፍያ ይከተላሉ። ቁፋሮ የሚጀመረው ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪ ተከላውን ሳያይ አፈር መመለስ አይፈቀድም።

የተሠራ ቤት ለሚገዛ

በአዳምስና በአራፓሆ ካውንቲዎች ሴፕቲክ ታንክ ያለው ቤት ሲሸጥ፣ ሥርዓቱ ተመርምሮ የአጠቃቀም ፈቃድ መውጣት አለበት። ገዢ ይህን ፈቃድና ታንኩ በመጨረሻ የተመጠጠበትን ቀን መጠየቅ ይገባዋል፤ ታንክ በአብዛኛው በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይመጠጣል።