ዊንዶውስ ላይ የሰራ ኮድ ሊኑክስ ላይ ፋይል ለምን "ይጠፋበታል"?

የገጻችንን ፎቶዎች በየወሩ ለይቶ የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጽፈን ነበር። ዊንዶውስ ላፕቶፓችን ላይ በደንብ ሰራ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስንጭነው ግን የየወሩ ፎልደር ባዶ ሆነ። ስህተት አለ የሚል መልእክትም አልመጣም። ሁለት ቀን ፈለግን። ለካ ፎቶዎቹ አልጠፉም፤ ስማቸው ውስጥ "\" ገብቶ ሌላ ቦታ ተከምረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎልደርን ከፎልደር ለመለየት ሊኑክስና ማክ "/" ይጠቀማሉ። ዊንዶውስ ደግሞ "\" ይጠቀማል። ለሊኑክስ "\" እንደማንኛውም ፊደል የፋይል ስም አካል መሆን ይችላል። ስለዚህ "ፎቶ\ሐምሌ" ስንለው ፎልደር ሳይሆን አንድ ረጅም ስም መሰለው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኤምኤስ-ዶስ ፎልደር አልነበረውም፤ "/"ን ለትእዛዝ አማራጮች ይጠቀምበት ነበር። በ1983 ፎልደር ሲጨመርበት ምልክቱ ስለተያዘ "\" ተመረጠ። ዊንዶውስም ይህንኑ ወረሰ።

ኮድ ለምትጽፉ፣ እነዚህን ያዙ፦

1. ምልክቱን በእጃችሁ አትጻፉ። ፓይተን ላይ "ፓዝሊብ"፣ ኖድ ጄኤስ ላይ "ፓዝ" የሚባሉት አሉላችሁ። የፎልደሩንና የፋይሉን ስም ለየብቻ ስጧቸው፤ እነሱ እንደ ሲስተሙ ያገጣጥሙታል።

2. "\" በብዙ ቋንቋዎች ሌላ ስራም አለው። ከኋላው ትንሿ የላቲን "ኤን" ከመጣች "አዲስ መስመር ጀምር" ማለት ነው። አድራሻችሁ መሃል ላይ ይሰበራል።

3. የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ለሊኑክስ ይለያያል። ዊንዶውስና ማክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ አድርገው ያዩታል። ሁሉንም በትንሽ ፊደል መጻፍ ይሻላል።

4. በአማርኛ ስም ስትሰጡ "ሀ" እና "ሐ" በሁሉም ሲስተም ሁለት ፊደል ናቸው። አንዱን መርጣችሁ በሱው ጽኑ።

5. ፋይልን በሰአት ስትሰይሙ ":" አታስገቡ። ዊንዶውስ አይቀበልም።

6. የራሳችሁን ኮምፒውተር ሙሉ አድራሻ ኮድ ውስጥ አትጻፉ። ሌላ ማሽን ላይ ያ ፎልደር የለም።

ከሁሉም በላይ፣ ዋናውን ፋይል ከማጥፋታችሁ በፊት ቅጂው ቦታው መድረሱን በአይናችሁ እዩ። እኛ ዋናዎቹን ስላላጠፋን ነው የተረፍነው።

ኮድ ለሚጽፍ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።