የጽሑፍ ትምህርት በምህንድስና ኮሌጆች

የምህንድስና ሙያ ከቁጥርና ከንድፍ ጋር እንጂ ከድርሰት ጋር ጉዳይ የለውም የሚሉ የሥራ ባልደረቦች ዛሬም አሉ። አሜሪካኖችም በአንድ ወቅት እንዲሁ ያስቡ ስለ ነበር፣ የደረሰባቸውን ችግርና ያገኙትን መፍትሔ መመልከቱ ለእኛ ይጠቅማል።

የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1874 በመግቢያ ፈተናው ላይ አጭር ድርሰት ጨመረ፤ ርእሶቹም ከሼክስፒርና ከዋልተር ስኮት ሥራዎች የሚወሰዱ ነበሩ። ከ1885 ጀምሮ ደግሞ የድርሰት ትምህርት ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ግዴታ ሆነ። ሌሎች ኮሌጆችም ይህንኑ ተከተሉ። የመምህራኑ ድካም ግን በአብዛኛው ያረፈው በፊደል ግድፈትና በሰዋስው ስሕተት ላይ ነበር።

በዚሁ ዘመን፣ በ1862 በወጣው የሞሪል ሕግ መሠረት ከመንግሥት መሬት በሚገኝ ገቢ የእርሻና የመካኒክ ሙያ ኮሌጆች ሲበራከቱ፣ የምህንድስና ተማሪው ቁጥር እጅግ አደገ። ክፍለ ጊዜው በሒሳብና በመካኒክስ ስለ ተጣበበ ጽሑፍ ወደ ዳር ተገፋ። ድልድይ ማስላት የሚችል፣ ነገር ግን ድልድዩ በዚያ ቦታ እንዲሠራ ለምን እንደ መረጠ በጽሑፍ ማስረዳት የሚሳነው ምሩቅ በዛ። ቅሬታውን አጥብቀው ያሰሙት ራሳቸው መሐንዲሶች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። የማዕድን መሐንዲሱ ቲ. ኤ. ሪካርድ በ1908 የቴክኒክ ጽሑፍ መመሪያ አሳተመ።

በእኔ አስተያየት ነገሩን ከሥሩ የለወጠው የተፍትስ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህር ሳሙኤል ቻንድለር ኧርል ነው። በ1911 ባሳተመው የቴክኒክ ጽሑፍ መጽሐፍ ለባለ ሙያ የሚጻፈውን ለተራ አንባቢ ከሚጻፈው ለየ። ተማሪው ስለ ገዛ ሙያው ይጽፋል፤ ከመጻፉ በፊትም አንባቢው ማን እንደ ሆነ ይወስናል።

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የእኛ ተማሪ ቋንቋውንና የጽሑፉን ሥርዓት በአንድነት ይሸከማል፤ መምህሩም (ሊፈረድበት አይገባም) ጊዜውን በሰዋስው እርማት ይጨርሳል። አንባቢው ማን ነው የሚለው የኧርል ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። በአማርኛ በሚሠራ ወረዳ የገጠር ውኃ ፕሮጀክት ቢጠና፣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለአማካሪው ይቀርባል። የፓምፑ ጠባቂና የውኃ ኮሚቴው አማርኛ አንባቢዎች ናቸው። ቫልቩ መቼ እንደሚዘጋ የሚናገረው ገጽ ግን በአባሪው ውስጥ፣ እነርሱ በማያነቡት ቋንቋ ታትሞ ይገኛል።