የቃል ማብራሪያ፦ የርቀት ክትትል

የካንሰር ሕክምና ጨርሶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ክትትሉ አያልቅም። በየቀጠሮው ሄዶ ይታያል፤ በሁለት ቀጠሮ መካከል የሆነውን ግን ሐኪሙ የሚያውቀው ታካሚው አስታውሶ የነገረውን ያህል ብቻ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣው አሠራር በፈረንጆቹ አፍ «ሪሞት ሞኒተሪንግ» ይባላል። «የርቀት ትምህርት» ብለን እንደለመድነው «የርቀት ክትትል» ብንለው አይከብድም፤ «ክትትል አለኝ» ማለትን ታካሚው ራሱ ያውቀዋልና። ለዚሁ ሥራ በሰውነት ላይ የሚደረገው «ዌረብል» ደግሞ «ተለባሽ መሣሪያ» ሊባል ይችላል፤ እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት፣ ጣት ላይ የሚጠለቅ ቀለበት ወይም ደረት ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል። ልብ በመታ ቁጥር በቆዳው ሥር የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱም ከዚህ የልብ ምትን ይቆጥራል። እርምጃና እንቅልፍንም ይመዘግባል። በሕክምና ላይ ላለም፣ ሕክምናውን ለጨረሰም የርቀት ክትትል ትርጉም አለው፤ በሁለት ቀጠሮ መካከል ብዙ ነገር ሊደርስ ይችላልና። ኪሞቴራፒ (ኪሞ) በተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች ብዙውን ጊዜ ስለሚያንሱ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ሰው ሊገድል ይችላል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን የተባለ መድኃኒት ከዓመታት በኋላም ልብን ሊያደክም ይችላል። በብብት በኩል ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ታሞክሲፈን የታዘዘላት ደግሞ ክኒኑን ከ5 እስከ 10 ዓመት በየቀኑ መዋጥ አለባት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሳያቋርጡ መዝለቅ ቀላል አይደለም።

በዘርፉ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ጥናት ግን ሰዓትም ቀለበትም አልነበረበትም። ሐኪሙ ኢታን ባሽ በኒው ዮርክ ካንሰራቸው የተሠራጨ 766 ታካሚዎችን ይዞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ 12 የሕመም ምልክቶች በኮምፒውተር እንዲመልሱ አደረገ፤ ምልክቱ ሲከፋ መልእክቱ ለነርስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት ምልክታቸውን ሲያሳውቁ የነበሩት 31 ወር ገደማ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት ደግሞ 26 ወር ኖረዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ሰውን ያኖረው መልእክቱን አንብቦ ስልክ የሚደውል ነርስ መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቅ እንምጣ። ከጋይንት ነፋስ መውጫ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም ከስማዳ ወገዳ የተነሣ ታካሚ ደብረ ታቦር ሲደርስ ከዚያ ባሕር ዳር ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍና ከቆላው ቀበሌ የሚመጣው ደግሞ መኪና ከማግኘቱ በፊት በእግሩ ወይም በበቅሎ ይጓዛል። ለጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት አገሪቱ የነበራት የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የርቀት ክትትል የሚያስፈልገው ለእንደዚህ ያለ አገር ነው።

ነገር ግን ሰዓቱን እንዳለ አምጥቶ ማሰር አይበቃም። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከቆላ የወጣ ሰው የደሙ ኦክስጅን ዝቅ ይላል፤ ኦክስጅን የሚለካና ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ተለባሽ መሣሪያም ያለምክንያት ማንቂያ ሊያሰማ ይችላል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የደም ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የጋይንት ደገኛና የስማዳ ቆለኛ ጤነኛ ልክ እዚያው በአገሬው ሰው ላይ ሊለካ ይገባዋል እንጂ ከውጭ ሊቀዳ አይገባውም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ኦክስጅን መለኪያው አንዳንዴ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያነብም ታውቋል።

ኢንተርኔት ላይ ብቻ መደገፍም አያዋጣም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡን የማያስታውስ የለም። ለእኛ የሚሻለው መነሻ የድምፅ ጥሪ ነው። አርሶ አደሩ 8028 ደውሎ በአማርኛ የተቀዳ የግብርና ምክር እየሰማ፣ ቁጥር እየተጫነ የሚፈልገውን ይመርጣል። ማንበብ የማይችልም ይጠቀምበታል። በዚሁ መንገድ በሳምንት አንድ ቀን ስልኩ ጠርቶ፦ «እንደምን ሰነበቱ? ትኩሳት ከነበረዎ 1ን ይጫኑ፤ ክኒንዎ ካለቀ 2ን ይጫኑ» ቢል፣ 1ን ለተጫነ ሰው ነርስ ያን ዕለት መልሳ ብትደውል፣ ይህ ሙሉ የርቀት ክትትል ነው። ታብሌት ይዛ ቤት ለቤት መመዝገብ የለመደች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ልትታከልበት ትችላለች።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ይታሰብበት። በየቤቱ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የባል ወይም የልጅ ነው። ብዙ ቤተሰብም በሽታው ካንሰር መሆኑን ለታማሚው አይነግርም፤ ጎረቤት እንዲሰማም አይፈልግም። ስለዚህ ጥሪው «ካንሰር» የሚል ቃል ሊያሰማ አይገባም፤ በየትኛው ስልክ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደወልም ታማሚዋ ራሷ ትምረጥ።

ይህ አገልግሎት እስኪዘረጋ ድረስ ኪሞ የምትወስዱና የምታስታምሙ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች፦ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ችግር ሲገጥም የሚደወልበትን ስልክ ጠይቃችሁ በወረቀት አጽፉ። ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ኪሞ እየተወሰደ መሆኑን ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ።