የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት፤ ከስፌት ቤት እስከ አደባባይ

አሜሪካኖች ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥለው፣ በመካከሉ ጥጥ አግብተው የሚሰፉትን የአልጋ ልብስ «ኩዊልት» ይሉታል። በእኛ አገር ድሪቶ የድህነት ምልክት ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ሴቶች ተሰብስበው የሚሰፉት፣ ለሙሽራና ለሕፃን የሚሰጥ የወግ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ይህ የጓዳ ሙያ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን በሚያፈቅሩ ሰዎች እጅ እንዴት የአደባባይ ክስ እንደ ሆነ እንመለከታለን። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።)

በኖቬምበር 1985 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1978 የተገደሉትን ሃርቪ ሚልክንና ከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኒን ለማሰብ ሰልፍ ተደረገ። በከተማይቱ በኤድስ የሞቱት በዚያን ጊዜ ከ1,000 በልጠው ነበር። ክሊቭ ጆንስ የተባለው የሰልፉ አስተባባሪ ሰልፈኞቹ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በካርቶን ላይ እንዲጽፉ ጠየቀ። ካርቶኖቹ በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ባያቸው ጊዜ ኩዊልት መሰሉት።

በ1987 በዚያው ከተማ በማርኬት ጎዳና የስፌት ቤት ተከፈተ። የእያንዳንዱ ጨርቅ ልክ 3 ጫማ በ6 ጫማ ሆነ፤ የመቃብር ልክ ማለት ነው። ብዙ ቀባሪ ድርጅቶች አስከሬኑን አንነካም ይሉ በነበረበት ዘመን ይህ ልክ ራሱ ንግግር ነበር። መርፌ ጨብጦ የማያውቅ ሁሉ ከሚያውቅ ጎን ተቀምጦ ተማረ። የሟቹ ሸሚዝ፣ ደብዳቤው፣ የልጅነት አሻንጉሊቱ ከጨርቁ ጋር ተሰፋ። የቤተሰብ ስም እንዳይታወቅ የሟቹ የመጀመሪያ ስም ብቻ የተሰፋበትም አለ።

ኦክቶበር 11 ቀን 1987 በዋሽንግተን 1,920 ጨርቆች ተዘረጉ፤ ስሞቹም ጮክ ተብለው ተነበቡ። በዓመቱ ቁጥሩ 8,288 ደረሰ፤ የተዘረጋውም ከዋይት ሐውስ በስተደቡብ ባለው ሜዳ ነበር።

ሆኖም ከንቅናቄው ውስጥ «ልቅሶ ቁጣን ያበርዳል» የሚሉ ተነሡ። በኦክቶበር 1992 ኩዊልቱ በተዘረጋበት ሰሞን አክት አፕ የተባለው ማኅበር ሰዎች የወዳጆቻቸውን አስከሬን አመድ በአጥሩ አሻግረው በዋይት ሐውስ ሣር ላይ በተኑ። ትችቱ ክብደት አለው። ነገር ግን እኛ እንደምናየው ተቺዎቹ የተመለከቱት የተዘረጋውን ጨርቅ እንጂ የተሰፋበትን ጠረጴዛ አይደለም። እናትና የልጇ ፍቅረኛ ለአንድ ሰው አብረው ሲሰፉ፣ ሕግ ያልሰጠው ዝምድና በተግባር ጸና፤ ለብቻው ያለቅስ የነበረውም ከባልንጀሮች ጋር ተቆጠረ። አመዱን የበተኑትም ቢሆኑ ሙታናቸውን ወደዚያው ደጅ ነው ያመጡት።

ኩዊልቱ ሳይከፋፈል በሙሉ በዋሽንግተን ለመጨረሻ ጊዜ የተዘረጋው በ1996 ነው። ዛሬ 50,000 ያህል ጨርቆችና ከ100,000 በላይ ስሞች አሉበት፤ አዲስ ጨርቅም ገና ይሰፋል።