ከጉራ ወደ ቁማር ጠረጴዛ፤ የአንድ ቃል ጉዞ

ሆላንዶች «ብለፍ»፣ ጀርመኖችና ስዊድኖች «ብሉፍ» የሚሉት ቃል ዛሬ በሦስቱም ዘንድ አንድ ትርጉም አለው፤ የሌለን ኃይል ያለ አስመስሎ ተቃራኒን ማስፈግፈግ ነው። ብዙዎች ቃሉን ከእንግሊዝኛ የተዋሰ ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። ይህ ግማሽ እውነት ነው።

በሦስቱ ቋንቋዎች በዕድሜ የሚበልጥ ሌላ ግሥ ይገኛል። ሆላንዶች «ፈርብለፈን»፣ ጀርመኖች «ፈርብሉፈን»፣ ስዊድኖች «ፈርብሉፋ» ይሉታል፤ ሰውን አስደንቆ አፍ ማስያዝ ማለት ነው። ጀርመንኛና ስዊድንኛ ይህን የተቀበሉት ከሰሜን ጀርመን ጠረፍ ቋንቋ፣ ከታችኛው ጀርመንኛ ነው። በሆላንድ ደግሞ «ብለፈን» ጉራ መንዛት ነበር። ይህ የቆየ ትርጉም እስከ ዛሬ በገበታ ላይ ሳይቀር ይታያል፤ የእንቁላል ነጭ በስኳርና በቀይ የፍሬ ጭማቂ ተመትቶ በአረፋ ሳህን የሚሞላው ጣፋጭ «የሄግ ጉራ» ይባላል።

የቃላት አጥኚዎች የእንግሊዝኛውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ የሆላንድ ዘር ያያይዙታል። ትርጉሙ የተለወጠው ግን በአሜሪካ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ፖከር የተባለው የካርታ ቁማር በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ላይ በተስፋፋበት ዘመን ነው። ጨዋታው ራሱ አንዳንዴ በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። ለውጡ ቀላል አይደለም። ጉረኛ ይጮኻል፤ ቁማርተኛው ግን መናኛ ካርታ ይዞ ገንዘቡን ወደ መሐል ይገፋል፣ ፊቱም አይናገርም። ቃሉ ከአፍ ወጥቶ ወደ ዝምታ ገባ ማለት ይቻላል። በዚህ አዲስ ትርጉሙ አትላንቲክን መልሶ ሲሻገር ሆላንዶች የገዛ ቃላቸውን እንደ እንግዳ ተቀበሉት፤ ጀርመኖችና ስዊድኖችም ከአሮጌው ዘመዱ ጎን አስቀመጡት።

ከቁማር ጠረጴዛ ወደ መንግሥታት ጠረጴዛ መድረሱም አልዘገየም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1936 የናዚ ጀርመን ጦር በስምምነት ከወታደር ነጻ ወደ ተደረገው ራይንላንድ ገባ። የዘመተው ኃይል በፈረንሳይ ጦር ፊት አነስተኛ ነበር፤ ይሁን እንጂ የገጠመው አልነበረም። የፋሺስት ጣልያን ጦር ኢትዮጵያን ይወጋ በነበረበት በዚያው ወር፣ የጄኔቭ መንግሥታት ዓይን ወደ ራይን ዞረ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ድርጊት በቁማርተኛው ቃል መጥራታቸው ተገቢ ነው።

ስዊድኖች ዛሬ ያልታዘዘ ዕቃ ሒሳብ ጠይቆ በፖስታ የሚመጣን ሐሰተኛ ደረሰኝ «ብሉፋክቱራ» ይሉታል። ላኪው የሚተማመነው ተቀባዩ ሳይመረምር ይከፍላል በሚል ብቻ ነው።