የናኦጋዎን ጋንጃ፤ ከአጨዳ እስከ መጋዘን

ስለ አንድ ሰብል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ መሬቱ፥ ስለ ዘሩና ስለ ዝናሙ ይናገሩና አዝመራው በደረሰበት ላይ ያቆማሉ። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ዋናው ነገር ከአጨዳ በኋላ የሚጀምርበትን አንድ ሰብል ነው። ይኸውም በቤንጋል አገር በናኦጋዎን ከተማ ዙሪያ ይመረት የነበረው ጋንጃ ነው። ናኦጋዎን ዛሬ በሰሜን ምዕራብ ባንግላዴሽ ትገኛለች፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ግን በራጅሻሂ አውራጃ ውስጥ ነበረች። ልናስረዳ የምንፈልገውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ መንግሥት ከዚህ ተክል ግብር ሊሰበስብ የቻለው በእርሻው ላይ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም በማድረቂያው አውድማና በመጋዘኑ በር ላይ ዘበኛ በማቆሙ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ገበሬው ከድካሙ ተገቢውን ድርሻ ማግኘት የጀመረው የመጋዘኑ ቁልፍ በእጁ በገባ ጊዜ መሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ካናቢስ ከሚባለው ከአንዱ ተክል ሕንዶች ሦስት ነገር ያወጣሉ። ቅጠሉ ባንግ፥ ሙጫው ቻራስ፥ ሙጫውን እንደያዘ የደረቀው የሴቴው ተክል የአበባ ዛላ ደግሞ ጋንጃ ይባላል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው የሚለየው በዘሩ ሳይሆን በተቆረጠው ክፍልና በአዘገጃጀቱ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ የመጣው ሕግ ሁሉ የቆመው በዚሁ ላይ ነውና።

ስለ ናኦጋዎን ጋንጃ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከሁለት ምርመራዎች ነው። የመጀመሪያው ሄም ቻንደር ኬር የተባለ የቤንጋል ሹም በ1877 ያቀረበው ዘገባ ነው። ሁለተኛው በ1893 የተቋቋመውና ማክዎርዝ ያንግ በሊቀ መንበርነት የመራው ጉባኤ ሥራ ነው። ይህ ጉባኤ በመላው ሕንድ 1,193 ምስክሮችን ቃል ተቀብሎ በ1894 ብዙ ጥራዝ ያለው ዘገባ አወጣ። ጉባኤው የተቋቋመው በለንደን የሕዝብ ምክር ቤት ስለዚህ ተክል ጥያቄ በመነሣቱ ነበረ። መርማሪዎቹ ስለ ጤናና ስለ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ስለ ገበሬው የእጅ ሥራም በዝርዝር መጻፋቸው ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ሀብት ሆኗል።

በእነዚህ ዘገባዎች እንደተጻፈው፥ ገበሬው በነሐሴ ወር በመደብ ላይ ዘር ይዘራል፤ በመስከረም ችግኙን ነቅሎ ወደ እርሻው ያዛውራል። በኅዳር ግን ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይመጣል። ወንዴው ተክል የአበባውን ዱቄት ወደ ሴቴው ከበተነ ሴቴው ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬ የያዘም ዛላ ሙጫው ስለሚያንስ ለጋንጃ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፖዳር የሚባል ዐዋቂ ተቀጥሮ በየመስመሩ እየዞረ ወንዴውን ከሴቴው ለይቶ ይነቅላል። አንድ ሰነፍ ገበሬ ወንዴውን ሳያስነቅል ቢቀር ነፋሱ የጎረቤቱን እርሻ ጭምር ያበላሽ ነበርና፥ ሥራው ለግል ፈቃድ ብቻ የሚተው አልነበረም።

አጨዳው የሚደርሰው በየካቲትና በመጋቢት መካከል፥ ቅጠሉ ወደ ቢጫነት ሲያዘነብልና ዛላው በሙጫ ሲጣበቅ ነው። ተክሉ በጠዋት ታጭዶ ቻታር ወደሚባለው ስፍራ ይወሰዳል። ቻታር እንደ እኛ አገር አውድማ የተደለደለ ሜዳ ሲሆን፥ የእኛው አውድማ ፍሬን ከገለባ ሲለይ ያኛው ዛላን ከቅጠልና ከግንድ ይለያል። የታጨደው በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ሌሊቱንም ጤዛ እንዲያርፍበት በዚያው ያድራል። ጤዛው የሚፈለገው ዛላው ድርቅ ብሎ እንዳይፈረፈር፥ ለስልሶ ለሥራ እንዲመች ነው። በማግስቱ አበባ የሌለው ቅርንጫፍና ወፍራሙ ግንድ ተመልምሎ ይጣላል።

ከዚህ በኋላ እንደሚፈለገው ዐይነት መንገዱ ይለያያል። ጠፍጣፋ ለሚባለው ጋንጃ፥ የተመለመለው በምንጣፍ ላይ ይነጠፍና ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ በእግራቸው ይረግጡታል። ዛላው ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሲሆን እያነሡ ያራግፉታል፤ ትልልቁ ቅጠልም ይረግፋል። ክብ ለሚባለው ጋንጃ ግንዱ አብዝቶ ይቆረጣል፤ ሠራተኞቹም አግድም የታሰረ ቀርከሃ ተደግፈው እየቆሙ ዛላውን በእግራቸው ያንከባልሉታል። መርገጡ፥ ማራገፉና ማድረቁ ለጥቂት ቀናት እየተደጋገመ ይሠራል። በዚህ ሁሉ መካከል ተሰብሮ የሚወድቀው የዛላ ስባሪ ቹር ይባላል፤ እሱም ግንድ ስለሌለበት እንደ ትርፍራፊ አይጣልም፤ ተለቅሞ ለብቻው ይሸጣል።

እንግዲህ መንግሥት በዚህ ሥራ ውስጥ እንዴት እንደገባ እንመልከት። የእንግሊዝ ገዢዎች በ1793 ጋንጃ ለመሸጥ የመንግሥት ፈቃድ እንዲያስፈልግ አዘዙ። በ1853 ደግሞ ግብሩ በክብደት እንዲከፈል ተደረገና በአንድ ሲር፥ ማለት ከአንድ ኪሎ ጥቂት በሚያንስ መጠን፥ አንድ ሩፒ ተቈረጠበት። ግብሩ በሚዛን ከሆነ ዘንድ ግን ጥያቄው ወዲያውኑ ተነሣ። የሚመዘነው የትኛው ነው? እርጥቡ ወይስ ደረቁ? ከነግንዱ ወይስ ያለ ግንዱ? ጠፍጣፋው ብዙ ግንድ ስላለበት፥ ክቡ ትንሽ ስላለበት፥ ቹሩ ምንም ስለሌለበት አንድ ዐይነት ግብር መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆን ነበር። ስለዚህ ኋላ ለሦስቱም ልዩ ልዩ ተመን ወጣላቸው። የመልማዩ ቢላዋ ምን ያህል ግንድ እንደቆረጠ የግብሩን መጠን ወሰነ ማለት ነው።

ሌላም ችግር ነበረ። የታጨደው ሰብል ሲደርቅ ከክብደቱ እጅግ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከአውድማው ላይ የጎደለው በፀሐይ ይሁን በሌባ እጅ ለመለየት ያስቸግራል። መንግሥት ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ገበሬውን ባለፈቃድ ማድረግ፥ ሥራው በታወቀ ቻታር ላይ ብቻ እንዲሠራ ማስገደድ፥ ዘበኛ ማቆምና የደረቀውን ሁሉ በመጋዘን አግብቶ መመዝገብ ሆነ። ቤንጋሎች ጎላ በሚሉት በዚህ መጋዘን የገባው ጋንጃ ግብሩ ሳይከፈል አይወጣም ነበር።

በዚህ ላይ የተክሉ ጠባይ ገበሬውን ይበልጥ ጎዳው። ጋንጃ እንደ ጤፍ ዓመታት ተቀምጦ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ አይደለም። ዴቪድ ፕሬን የተባለው የእጽዋት ሊቅ በ1893 ስለዚሁ ሰብል ዘገባ ባቀረበበት ዘመን፥ ጋንጃ ሲቆይ ኃይሉ እየደከመ እንደሚሄድ የታወቀ ነበር። ምክንያቱ የተገለጠው ግን ኋላ ነው። በ1964 ራፋኤል መኩላምና የሒኤል ጋኦኒ የሙጫውን ዋና ቅመም ለይተው አወቁ፤ ይህ ቅመም አየር፥ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው እየተለወጠ ኃይሉ ወደሚያንስ ሌላ ቅመም ይሄዳል። ለገበሬው የዚህ ትርጉም ቀላልና መራራ ነበር። ደላላውና ጅምላ ነጋዴው መቆየት ይችላሉ፤ እሱ ግን ሰብሉ እየደከመ፥ የአበዳሪው ወለድ እየጨመረ ሊቆይ አይችልም። ሰብሉ የራሱ ሆኖ ሳለ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ስለነበረ፥ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረታችን የተነገረለት ይመስላል።

የ1894ቱ ዘገባ ይህን አላቃለለም። ጉባኤው በልክ የሚወስድ ሰው ያን ያህል እንደማይጎዳ፥ ያለ ልክ የሚወስድ ግን እንደሚጎዳ ገልጦ፥ ተክሉ ፈጽሞ ከሚከለከል ይልቅ በፈቃድና በግብር እንዲገደብ መከረ። ይህ ምክር መጋዘኑን አጸና እንጂ የገበሬውን ዕዳ አልነካም።

ለውጡ የመጣው በ1917 ነው። በዚያ ዓመት የናኦጋዎን ጋንጃ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የአባሎቹን ምርት እየተቀበለ በመጋዘን አኑሮ ራሱ ስለሸጠ፥ ደላላው ከመካከል ወጣ። አጨዳው፥ ምልመላውና አደራረቁ እንደ ቀድሞው ነበረ፤ ፖዳሩም አልተለወጠም። የተለወጠው መጋዘኑን የሚያዝዘው ሰው ብቻ ነው። ከትርፉም ትምህርት ቤቶች፥ የሕክምና ቤቶችና መንገዶች ተሠሩ። አንድ አገር ሰው በአደገኛ ዕፅ ገንዘብ ልጆቹን ማስተማሩ ለሚሰማው የሚከብድ ነገር መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ያው ገንዘብ ከዚያ በፊት ለመንግሥትና ለነጋዴ ሲገባ ኖሮ እንደነበረ መዘንጋት ትክክል አይሆንም።

የማኅበሩ ዕድሜ ግን ከዓለም ሕግ ጋራ የታሰረ ነበረ። በ1925 በጄኔቫ የተፈረመው ውል የሕንድ ካናቢስ ብሎ የደነገገው ሙጫው ያልወጣለትን የሴቴውን ተክል የደረቀ አበባ ወይም ፍሬ ያዘለ ዛላ ነው። በ1961 የወጣው የአደገኛ መድኃኒቶች ውልም ከዛላው የተለዩትን ዘሩንና ቅጠሉን ከካናቢስ ትርጉም ውጭ አደረጋቸው። የናኦጋዎን መልማይ በምንጣፍ ላይ ዛላን ከቅጠል የለየበት መስመር በዓለም ሕግ ውስጥ ተጻፈ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። የ1961ዱ ውል ለሕክምናና ለሳይንስ ያልሆነው አጠቃቀም በ25 ዓመት ውስጥ እንዲቀር አዘዘ። ከዚያ በፊት በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ናኦጋዎን በፓኪስታን በኩል ቀርታ ብዙ ገበያዋ ከድንበር ማዶ ሆኖባት ነበር። በመጨረሻም በ1987፥ በባንግላዴሽ መንግሥት ዘመን፥ እርሻው ተከለከለ።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። የአንድን ሰብል ጥቅም ማን እንደወሰደ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መሬቱ የማን እንደነበረ መጠየቁ መልካም ነው፤ ግን አይበቃውም። ማን እንዳደረቀው፥ ማን እንደመዘነው፥ በማን ጎተራ እንዳደረና ማን ቆይቶ ለመሸጥ እንደቻለ ጭምር መጠየቅ አለበት። በእኛም አገር ስለ ቡናና ስለ ጫት፥ ስለ ማርና ስለ ቆዳ የሚጻፈው ታሪክ ከማሳው ተነሥቶ እስከ መጋዘኑ በር ቢዘልቅ፥ ዛሬ የተሰወረብን ብዙ ነገር ይገለጣል ብለን እናምናለን።